አበባው ከማን እጅ መጣ?

(ስለ ጥንታዊው የህንድ አገር የአበባ ጥለት፥ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። የኔ ጉዳይ ግን ስለ ጨርቅ፥ ይልቁንም በጨርቅ ላይ ስለሚታየው አበባ ነው። «ይህማ የመርፌና የክር ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳትንቁት እለምናችኋለሁ። በዚህ አበባ ምክንያት ነገሥታት ሕግ አውጥተዋል፤ ሴቶች በአደባባይ ቀሚሳቸው ተቀዶባቸዋል፤ የብዙ ሠራተኞችም እንጀራ ተቋርጧል።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ዓመት ለእጅ ሥራ ትርኢት አንድ የጠረጴዛ ልብስ ጠልፌ አቅርቤ ነበር። ከአንድ ግንድ የሚወጡ ትልልቅ ቀይ አበቦች፥ በመካከላቸውም የሚጠማዘዝ ሐረግ ያለበት ነው። ያየው ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። የሥዕል መምህራችን ግን ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፥ ቅጠሉ ሰማያዊ የሆነ አበባ የት አየሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላፍር «ከራሴ ያወጣሁት ነው» ብዬ መለስሁ።

በማግሥቱ ወላጆች ትርኢቱን ሊያዩ ሲመጡ አያቴም መጥተው ነበር። ከጠረጴዛ ልብሴ ፊት ቆሙና ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «እንዴ! ይህ የቺት ቀሚሴ አበባ አይደለም እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሣጥናቸው ውስጥ ካለው አሮጌ ቀሚስ ላይ ነበር የቀዳሁት። መምህሩ አጠገባችን ቆመው ነበር፤ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «አበባውን መውደድሽ ጥፋት አይደለም። ጥፋትሽ ከማን እንደ ወሰድሽው ሳታውቂ የራሴ ነው ማለትሽ ነው። እንግዲህ ሂጂና ከማን እጅ እንደ መጣ ፈልገሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ይህ ንግግር የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። አያቴ «ቺት» የሚሉት ቃል ራሱ ከህንድ አገር የመጣ ነው። በህንድ ቋንቋ «ቺንት» ማለት ፍንጣቂ፥ ነጠብጣብ ማለት ሲሆን በአበባ የተዥጐረጐረው የጥጥ ጨርቅ በዚሁ ስም ተጠራ። እንግሊዞችም ያንኑ ቃል ወስደው «ቺንትስ» አሉት። በእጅ የሚሣለው ዓይነት ደግሞ «ቀለምካሪ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የብዕር ሥራ ማለት ነው። በዚያ አገር «ቀለም» የሚባለው ብዕሩ ነው፤ እኛ ደግሞ ብዕሩ የሚጠቀሰውን «ቀለም» እንለዋለን። ቃሉ ዘመዳችን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቺት ይሠራ የነበረው በደቡብ ምሥራቅ ህንድ፥ በኮሮማንደል ጠረፍ፥ በማሱሊፓትናም ወደብ አካባቢ ነው። አሠራሩን ባነበብሁ ጊዜ በጠረጴዛ ልብሴ ላይ ያጠፋሁት ሁለት ሳምንት እንደ ጨዋታ ሆኖ ታየኝ። ሠራተኛው ነጩን የጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ በጎሽ ወተትና በአንድ ኮምጣጣ የዛፍ ፍሬ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። የወተቱ ስብ ብዕሩ ሲያልፍ የተጻፈው እንዳይንሰራፋ ያደርጋል፤ ፍሬውም ቀለሙ ከጨርቁ ጋር እንዲጣበቅ ይረዳል። ጨርቁ ከደረቀ በኋላ በእንጨት እየተደበደበ ይለሰልሳል። ጥለቱ በወረቀት ላይ ይነደፍና መስመሩ በመርፌ ይበሳል፤ ወረቀቱ በጨርቁ ላይ ተዘርግቶ የከሰል ዱቄት ሲነሰነስበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የአበባውን ምልክት ይተዋል። ከዚህ በኋላ ሠዓሊው በቀርከሃ ብዕር ምልክቱን እየተከተለ ይጽፋል።

የሚያስደንቀው ግን በብዕሩ የሚጽፈው ቀለም አለመሆኑ ነው። ቀይ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ የሚቀባው አሉም የተባለውን እንደ ጨው ያለ ማዕድን በውሃ አሟሙቶ ነው፤ ጥቁር መሆን በሚገባው ላይ ደግሞ ብረት ከስኳር ዝቃጭ ጋር ብዙ ቀን ተዘፍዝፎ የወጣውን ውሃ ነው። ከዚያም ጨርቁ «ቻያ» የሚባለው ተክል ሥር በፈላበት ማሰሮ ውስጥ ይገባል። አሉም የነካው ስፍራ ቀዩን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ከቀረው ስፍራ ግን በማጠብና በፀሐይ በማስጣት ይለቃል። ለሰማያዊው ደግሞ ሰማያዊ መሆን የማይገባው ስፍራ ሁሉ በሰም ይሸፈንና ጨርቁ በሙሉ ኢንዲጎ ከተባለው ተክል በተገኘ ቀለም ይነከራል፤ ሰሙም በኋላ በፈላ ውሃ ይነሣል። እንዲህ የተሠራ ጨርቅ ቢያጥቡት አይለቅም። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን በጥጥ ላይ እንዲህ የሚጸና ቀለም ማድረግ ስለማይችሉ እጅግ ተደነቁ።

አሁን ወደ ሰማያዊው ቅጠሌ ልመለስ። የህንዱ ሠራተኛ አረንጓዴ ሲፈልግ በሰማያዊው ላይ ቢጫ ይቀባል። ቢጫው ግን እንደ ቀዩና እንደ ሰማያዊው አይጸናም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ በየሙዚየሙ በተቀመጡት አሮጌ ጨርቆች ላይ ዛሬ ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የአያቴ ቀሚስ በፋብሪካ የታተመ ነውና ያተመው ሰው ከእንዲህ ያለ አሮጌ ናሙና ቀድቶት ይሆናል፤ እኔም ከእሱ ቀዳሁ። የህንዱ ሠዓሊ የሣለው አረንጓዴ ቅጠል ነበር፤ እኛ የቀዳነው ግን የፀሐይን ጥፋት ነው። ሳያውቅ የሚቀዳ ሰው ጉድለቱንም አብሮ እንደሚቀዳ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የህንዱ ሠዓሊ ራሱ አበባውን ከየት አገኘው? ብትሉ፥ መልሱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ እነግራችኋለሁ። በ1620 ዓ.ም. የሞጎሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በጸደይ ወራት ወደ ካሽሚር ሸለቆ ወጣ። አበባ እጅግ የሚወድ ንጉሥ ስለ ነበረ ሸለቆው በአበባ ተሸፍኖ ባየ ጊዜ ሠዓሊው ማንሱር እንዲሥላቸው አደረገ። ማንሱር የሣላቸው አበቦች ከ100 በላይ እንደ ነበሩ ንጉሡ በታሪኩ መጽሐፍ ጽፏል። በዚሁ ዘመን ሚስዮናውያንና ነጋዴዎች የአውሮፓን የዕፀዋት ሥዕል ወደ ንጉሡ ቤት አምጥተው ነበርና የህንድ ሠዓሊዎች እነዚያንም አይተው ተምረውባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ግንድ፥ ጥቂት ቅጠል፥ ጫፉም በጥቂቱ ጐንበስ ያለ አንድ ተክል በየስፍራው ይታይ ጀመር። የጃሃንጊር ልጅ ሻህ ጃሃን ከ1632 ጀምሮ ባሠራው በታጅ ማሃል ግድግዳ ግርጌ በእብነ በረድ ተቀርጾ ይታያል፤ የመኳንንቱ መታጠቂያ ጫፍ ላይ ተሸምኖ፥ በመጻሕፍት ጠርዝ ላይም ተሥሎ ይገኛል። ይህን ብቸኛ አበባ «ቡታ» ይሉታል። ቡታው እውነተኛ አበባ እንዲመስል ሆኖ ተጀመረ፤ ነገር ግን ሠራተኛው በጨርቁ ላይ ሲደጋግመው ትርፍ የሆነውን እየተወ፥ ዋናውን እያጐላ ሄደ። ስለዚህ ቡታ የተፈጥሮ ቅጅ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ትውልድ እጅ የታረመ ጽሑፍ ነው ብል ያልተሳሳትሁ ይመስለኛል።

ነጋዴዎች ይህን ጨርቅ ወደ ዓለም ሁሉ ወሰዱት። በካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ ከምድር የተገኙት የጥጥ ቁራጮች በመካከለኛው ዘመን ከህንድ ከጉጅራት መጥተው የነበሩ ናቸው። ወደ አገራችንም በቀይ ባሕር በምጽዋ በኩል የህንድ ጨርቅ ይገባ ነበር። የብራና መጻሕፍቶቻችን የእንጨት ገበታ በውስጥ በኩል ሲገለጥ፥ ከቆዳው መካከል የተለጠፈ ከሩቅ አገር የመጣ ጨርቅ ይታያል፤ ከእነዚህም መካከል የህንድ ቺት አለ። በጐንደር ዘመን የሣሉ ሠዓሊዎቻችንም የእመቤታችንን ልብስና መቀመጫ በአበባ ጥለት አስጊጠው ሣሉ። እነሱ ግን ጨርቁን አይተው በራሳቸው መስመርና በራሳቸው ቀለም ነው የሣሉት። ሥዕሉን ያየ ሰው «ይህ የጐንደር ነው» ይላል እንጂ «ይህ የህንድ ነው» አይልም።

በአውሮፓ የሆነው ነገር ግን ሁለት መልክ ነበረው። የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1600፥ የሆላንዱም በ1602 ተመሠረቱ። በመጀመሪያ ጊዜ ጥለቱ የሁለቱ ወገን ሥራ ሆነ። በ1643 የእንግሊዙ ኩባንያ አለቆች ወደ ህንድ ሲጽፉ፥ ቀይ መደብ ያለው ጨርቅ በአገራቸው እንዳልተወደደላቸው ገልጠው፥ መደቡ ነጭ፥ አበባውና ቅርንጫፉ ባለ ቀለም እንዲሆን ለመኑ። የህንዱ ሠራተኛም እንደ ወደዱለት አድርጎ ሠራ። ስለዚህ «የህንድ አበባ» ብለን የምንጠራው የህንዱ እጅ፥ የፋርሱ ትምህርት፥ የእንግሊዙም ፍላጎት ያለበት ነው። ጥለት ከአገር ወደ አገር ሲሄድ እንዲህ ማደጉ የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም።

ቺት በተወደደ መጠን ግን የአውሮፓ ሸማኔዎች ገበያ አጡ። የፈረንሳይ ንጉሥ በ1686 ቺት እንዳይገባም በአገሩ እንዳይታተምም ከለከለ፤ ክልከላውም የተነሣው በ1759 ነው። እንግሊዝም በ1700 ባወጣችው ሕግ ወደ አገር እንዳይገባ፥ በ1721 ባወጣችው ደግሞ እንዳይለበስ ከለከለች፤ ይህም እስከ 1774 ቆየ። በ1719 በሎንዶን የተቈጡ ሸማኔዎች ቺት የለበሱትን ሴቶች በመንገድ ላይ እያሳደዱ ቀሚሳቸውን ይቀዱባቸው ነበር። ነገር ግን ክልክል የሆነ ነገር ይበልጥ ይፈለጋልና ሰዎች በስውር ይለብሱት ነበር፤ ብልሆቹም ምሥጢሩን ለማወቅ ይጥሩ ጀመር።

በዚህ ጊዜ በደቡብ ህንድ ኬርዱ የተባለ ፈረንሳዊ ካህን ነበረ። የክርስትናን ሃይማኖት ከተቀበሉት ሰዎች መካከል የቀለም ሠራተኞች ነበሩና እያንዳንዱን ሥራ ጠይቆ ጻፈ፤ በ1742ም በደብዳቤ ወደ ፈረንሳይ ላከው፤ ታትሞም ተነበበ። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርሁ ነኝና ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ሁለት ሐሳብ መጣብኝ። በአንድ በኩል፥ ያ ካህን በትጋት ባይጽፍ ኖሮ የዚያን ዘመን አሠራር ዛሬ እንዲህ በዝርዝር ባላወቅን ነበር። በሌላ በኩል ግን ምሥጢራቸውን በቅንነት የነገሩት ሰዎች ስማቸው በየፋብሪካው አልተጻፈም፤ ከትርፉም ድርሻ አልደረሳቸውም። በ1760 ኦበርካምፕፍ የተባለ ሰው በፓሪስ አጠገብ በዡይ የጨርቅ ማተሚያ አቆመ፤ የዡይ ጨርቅም በዓለም ታወቀ። ከዚያም መኪና መጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ርካሽ ጨርቅ ህንድን ራሷን አጥለቀለቃት። በ1866 ፎርብስ ዋትሰን የተባለው ሰው 700 የህንድ ጨርቅ ናሙናዎች በ18 ጥራዝ አዘጋጀ፤ ጥራዞቹም የእንግሊዝ ባለ ፋብሪካዎች የህንድን ሰው ምርጫ አውቀው ለእሱ እንዲሸጡለት በየኢንዱስትሪ ከተማው ተሰጡ። ህንዱ የአያቱን አበባ ከባዕድ ፋብሪካ በገንዘቡ ይገዛ ጀመር ማለት ነው። ማህተማ ጋንዲ እንዝርቱን የነጻነት ምልክት ያደረጉት ይህን ሁሉ አስበው ነው።

የካሽሚሩ ሻልም ዕድል ከዚህ የተለየ አይደለም። ከፍየል ውስጠኛ ጠጕር የሚፈተለውና በጥቃቅን የክር እንጨቶች የሚሸመነው ምርጥ ሻል ብዙ ወራት ይፈጃል። ቀድሞ በጠርዙ ላይ የሚታየው ቡታ ሥርና ቅጠል ያለው ተክል ነበር፤ እየቆየ ጫፉ እንደታጠፈ የማንጎ ፍሬ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በስኮትላንድ የምትገኘው የፔይዝሊ ከተማ ያንን ሻል በብዛት ትሸምን ጀመር፤ ዛሬም ዓለም ሁሉ ቡታውን «ፔይዝሊ» ብሎ ይጠራዋል። የካሽሚር ስም ከገዛ አበባው ላይ ተፋቀ። እኔም «ከራሴ ነው» ባልሁ ጊዜ ያደረግሁት፥ መጠኑ ያንስ እንጂ፥ ይህንኑ ነው።

በጎ ምሳሌ ግን አልጠፋም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ የህንድን ጨርቅ ይወድ ነበር። ከላይ ከላይ አይቶ አልተወውም፤ ከ1875 ጀምሮ ከአንድ የቀለም ባለሙያ ዘንድ ሄዶ እጁ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ በኢንዲጎ ማሰሮ ላይ ሠራ። ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ በ1883 «የእንጆሪ ሌባ» የተባለውን ጥለት አወጣ። በዚያ ላይ ያሉት ወፎች በገዛ አትክልቱ ስፍራ እንጆሪ ሲሰርቁ ያያቸው ናቸው። አሠራሩን ከጥንቱ የኢንዲጎ ሥራ ተማረ፤ ያየውን ግን ከደጁ ወሰደ። በህንድም ዕውቀቱ አልሞተም። አገሪቱ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 በአህመዳባድ የጨርቅ ሙዚየም ተቋቋመ፤ በ1952ም የእጅ ሥራ ቦርድ ተመሥርቶ ካማላዴቪ ቻቶፓድያይ የተባሉት ሴት ባለሙያዎቹን እየፈለጉ ሥራው እንዲያንሠራራ ደከሙ። ዛሬ የስሪካላሃስቲ ቀለምካሪና በእንጨት ማኅተም የሚታተመው የሳንጋኔር አበባ ስማቸው ከቦታቸው ጋር በሕግ ተመዝግቧል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእኛ መካከል ነገ የልብስ ነዳፊ፥ የቤት ዕቃ ሠሪ፥ የመጽሐፍ ሥዕል ሠዓሊ የሚሆን ብዙ ነው። ከሌላ ሕዝብ ጥበብ መማር የማይቀር፥ የሚያስመሰግንም ነገር ነው። እኔ ከህንዱ አበባ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ ጥለቱን ከመውሰድ በፊት እንዴት እንደ ተሠራ መጠየቅ ነው፤ አለዚያ ሰማያዊ ቅጠል እንቀዳለን። ሁለተኛው፥ ማንሱር ወደ ሸለቆው እንደ ወጣ ሁሉ ወደ አበባው ራሱ መመለስ ነው። ሦስተኛው፥ የመምህራችንን ስም በሥራችን ላይ መጥራት ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣንም፤ የሚከለክለን ትዕቢታችን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሌላ የጠረጴዛ ልብስ ጠልፌአለሁ። በአጥራችን ሥር የበቀለችውን ቀጋ፥ አንድ ግንድ፥ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል፥ ጫፏን ጐንበስ አድርጌ እንደ ቡታ ደረደርኋት። ለመምህሩ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «በአንዱ ዘንግ ላይ ስንት ጥቃቅን ቅጠል አለ? ቈጥረሻል?» አሉኝ። እኔ 5 ጠልፌ ነበር። ወጥቼ ብቈጥር በብዙው ላይ 7 ሆኖ አገኘሁት፤ ተመልሼም ፈታሁና እንደ ገና ጠለፍሁት። በስተግርጌው «አበባው ከአጥራችን፥ አሠራሩ ከህንድ ቡታ የተማርሁት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቅጠሉም አረንጓዴ ነው። ከንግግሩ በኋላ በ3ኛው ክፍል ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ።

አያቴ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ያን ቀን በሁሉ ፊት እውነቱን ባይናገሩ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ «ከራሴ ነው» እያልሁ እኖር ነበር። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና፥ እኔም በአነጋገሬ ተፈርዶብኝ ጨርቁን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ተማርሁ። ለእሳቸውና ለመምህሬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።